የተገዘተው የባዮሎጂ መጽሐፍ

የሁለተኛው ሴሚስተር የመጀመሪያ ቅዳሜ ከሞላሌ ወደ መሐል ሜዳ ከተማ የሄድኩት ሁለት ወረቀት በአንድ ቦርሳ ይዤ ነው። አንደኛው የጡረታ ደብዳቤዬ ነው፤ ገና ሐሙስ ዕለት ነበር የተሰጠኝ። ሁለተኛው የቤተ መጻሕፍት ሳይንስ ትምህርት የተመዘገብኩበት ነው። የመጀመሪያውን ሴሚስተር ሥራ ላይ ሆኜ ነው የጨረስኩት፤ ሁለተኛው ሲጀመር ሥራው አለቀ። ጎረቤቴ ስሄድ አይታኝ በአጥሩ ላይ ሆና፣ «እትዬ ጽጌ፣ አሁን ደግሞ ለመንግሥተ ሰማያት ላይብረሪ ነው የምትማሪው?» አለችኝ። እኔም ራሴን ስጠይቅ ነበር ያደርኩት።

የኮሌጁ መዝጋቢ ልጅ «ሥራ?» አለኝ ቀና ሳይል።

«እስከ ሐሙስ የላይብረሪ ሠራተኛ ነበርኩ።»

«ከሐሙስ ወዲህስ?»

«ከሐሙስ ወዲህ ተማሪ ነኝ።»

ከኋላዬ የቆሙት ሳቁ። ልጁ ግን አልሳቀም፤ «ሥራ» በሚለው ቦታ ላይ ሰረዝ አድርጎ አለፈ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቼ የቀረኝ ያች ሰረዝ ነች።

እውነቱን ለመናገር የተመዘገብኩት ለወረቀቱ አይደለም። ሥራውን የተማርኩት ከአንድ ሰው እጅ ነው፤ ከመጽሐፍ አይደለም። ከመሞቴ በፊት የሠራሁት ሥራ ስሙ ማን እንደሚባል ላውቅ ፈለግሁ። በመጀመሪያው ሴሚስተር እግዚአብሔር ይመስገን ብዙውን ነገር አውቄው አገኘሁት፤ ስሙ ብቻ ነበር የጎደለኝ። በሁለተኛው ግን የመጀመሪያዋ ሰዓት ሳታልቅ ነገሩ ሁሉ ተምታታብኝ። መምህራችን ከእኔ የመጨረሻ እህት ልጅ የሚያንስ፣ ትሑት ልጅ ነው። ሰሌዳው ላይ «መጻሕፍትን ማስወገድ» ብሎ ጻፈ። ከዚያም ዘወር ብሎ፣ «መጽሐፍ የማያስወግድ ላይብረሪ ላይብረሪ አይደለም፤ መጋዘን ነው» አለን።

እኔ በየዓመቱ የተመሰገንኩት አንድም መጽሐፍ አላስወጣችም ተብዬ ነው። እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ግራ ቀኜን አየሁ። በቀኜ በኩል ሕፃን ያቀፈች ሴት ተቀምጣለች። በወሊድ ምክንያት አቋርጣ የነበረችና አሁን የተመለሰች ናት አሉን። እኔ ሳያት እሷ ፊቷን ወደ ልጅዋ መለሰች።

እዚህ ላይ ከየት እንደመጣሁ ልናገር። አገሬ ጅማ ነው። ሥራ የተመደብኩት በዕጣ ነበር፤ እጄን ከቆርቆሮው ከትቼ ያወጣሁት ወረቀት «ግሼ፣ ራቤል» ይላል። እናቴ ራቤል የት ነው ስትለኝ ሰሜን ነው አልኳት፤ ከዚያ በላይ አላውቅም ነበር። ሦስት ዓመት በራቤል የንብረት ክፍል ሠራሁ። ብርዱ አጥንቴ ውስጥ ገብቶ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ከሞላሌ ወጣ ብሎ ወዳለ ትምህርት ቤት ተዛወርኩ። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእሱ አይደለም። ርዕሰ መምህሩ ደብዳቤዬን አንብቦ፣ «መጋዘን ከሠራሽ ላይብረሪም ያው ነው» ብሎ ወደ መሪጌታ ላከኝ።

መሪጌታ ዘለቀ ቅኔ የተማሩ፣ ድጓ የዘለቁ፣ በኋላ በማታ ትምህርት አሥራ ሁለተኛን የጨረሱ ሰው ነበሩ። ክህነት ግን አልተቀበሉም። ላይብረሪውን የያዙት እንደ ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ነው። ጠዋት እጃቸውን ታጥበው ነው ቁልፉን የሚነኩት። በመጀመሪያው ቀን አዲስ መጽሐፍ አንስቼ መሐሉን ልገልጥ ስል፣ «ተይ፣ ተይ አንቺ የጅማ ልጅ! ወገቡን ሰበርሽው» አሉኝ። ወስደው አሳዩኝ። መጽሐፉን በጀርባው ያቆሙታል፤ ከፊት ጥቂት ቅጠል ይገልጡና በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን ያደርጋሉ፤ ከኋላ ጥቂት፤ እንደገና ከፊት፤ እንደገና ከኋላ፤ መሐል እስኪገናኙ ድረስ። እንደዚያ የተከፈተ መጽሐፍ አሥር ዓመት ቅጠሉ አይረግፍም። በክረምት መደርደሪያዎቹን ሁሉ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያርቋቸዋል፤ የመንዝ ጉም ግድግዳውን ያላብሰዋል፣ ላቡን የሚጠጣው መጽሐፉ ነው። መስከረም ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ መጽሐፎቹን ሜዳው ላይ እንደ ገብስ እናሰጣቸዋለን። የተገነጠለውን በሰም በታሸ ክር ይሰፉታል፤ ሽፋኑ ያለቀውን የበግ ቆዳ ያለብሱታል። ከእኛ ላይብረሪ የወጣ የሒሳብ መጽሐፍ ከሩቅ ሲያዩት ዳዊት ይመስላል።

ተማሪ መጽሐፍ ሲያዘገይ መሪጌታ አይቆጡም፣ ስም አይለጥፉም። ቅዳሜ ከሰዓት ዱላቸውን ይዘው ልጁ ቤት ድረስ ይሄዳሉ፤ ሁለት ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት መንገድ ቢሆንም። ውኃ ይጠጣሉ፣ ስለ ገብሱ ይጠይቃሉ፣ ስለ በጎቹ ይጠይቃሉ፣ መርቀው ይመለሳሉ። ስለ መጽሐፉ አንድ ቃል አይናገሩም። ሰኞ መጽሐፉ ጠረጴዛችን ላይ ነው።

«ለምን አይጠይቁም?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«እግሬ ጠይቋል እኮ። አፌን ምን አደከመው?»

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። መሪጌታ አንድ መጽሐፍ ጠግነው ሲጨርሱ በመጨረሻው ገጽ ላይ በቀይ ቀለም አንድ መስመር ይጽፋሉ፦ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ይኩን»። የሰረቀው፣ የፋቀውም፣ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን ማለት ነው። በብራና መጽሐፍ መጨረሻ ሲጻፍ የኖረ ነው፤ እሳቸው በኬሚስትሪውም፣ በጂኦግራፊውም ጻፉት። እጄ ሲለምድ እኔንም ያስጽፉኝ ጀመር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና ደስ ይለኝ ነበር፤ የማስቀድስ ሴት ስለሆንኩ ሥራዬ ከቤተ ክርስቲያን የተዘመደ መሰለኝ።

ምን ያደርጋል ብዬ ብጠይቃቸው፣ «መጽሐፍ ያለ ግዝት አያልቅም፤ ደብዳቤ ያለ ሰላምታ ያልቃል? ግን ስሚኝ ጽጌ፣ ይኼ የሚጻፍ ነው እንጂ የሚነገር አይደለም» አሉኝ። እሺ አልኩ። አልገባኝም። ከሰባት ዓመት በኋላ መሪጌታ ዐረፉ፤ ቁልፉ በእኔ እጅ ቀረ።

ያን ጊዜ ሌላ ርዕሰ መምህር መጥቶ ነበር። በየሰኔው ቆጠራ ነው፤ የጎደለ መጽሐፍ ከደመወዜ ይቆረጣል። እንደ መሪጌታ ዱላ ይዤ ሦስት ሰዓት መንገድ ልሄድ አልችልም፤ ብቻዬን ነኝ፣ ሴት ነኝ፣ አገሩም አገሬ አይደለም እያልኩ ለራሴ ምክንያት አበዛሁ። መሪጌታ ካረፉ በሦስተኛው ዓመት ሰኔ ላይ አሥረኛ የጨረሱት ተማሪዎች ክሊራንስ ለማስፈረም ተሰልፈዋል። አንዲት ልጅ ደረሰች፤ በመዝገቡ የባዮሎጂ መጽሐፍ አለባት።

«የታለ መጽሐፉ?»

ዝም።

«ጠፋ?»

ዝም።

«ሸጥሽው?»

ራሷን በኃይል ነቀነቀች። ሰልፉ ይንሾካሾካል። እኔም ተናደድኩ፤ ተናድጄ ደግሞ ቃሌ ለስላሳ ነበር፣ እሱ ነው ዛሬ የሚያሳፍረኝ። የዚያኑ መጽሐፍ ሌላ ቅጂ ከመደርደሪያው አወጣሁ፤ መጨረሻውን ገልጬ ቀዩን መስመር በግእዝ አነበብኩላት። ግእዙ እንዳልገባት ሳይ በአማርኛ ተረጎምኩላት፤ አንድ በአንድ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ከሰልፉ አንዷ «ወይኔ እቴነሽ!» አለች። ልጅቷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች።

በሳምንቱ አባቷ አንድ ሙክት ሸጦ ሌላ መጽሐፍ አምጥቶ ተካ። በመዝገቤ ላይ «ተተክቷል» ብዬ ጻፍኩ፣ ክሊራንሷን ፈረምኩ። ለእኔ ነገሩ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ያችን ልጅ አላየኋትም።

እንግዲህ በዚያ ቅዳሜ መምህራችን ሁለት ሁለት አድርጎ መደበን። ሥራው ይህ ነው፦ ከአንድ ትምህርት ቤት ላይብረሪ ሃያ የሚወገዱ መጻሕፍት መርጦ፣ ለእያንዳንዱ ምክንያቱን ጽፎ ማምጣት። «እትዬ ጽጌና እቴነሽ ቅርብ ለቅርብ ስለሆናችሁ አብራችሁ ሥሩ» አለ። ሕፃን ያቀፈችው ሴት ያን ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። ሠላሳ አራት ዓመት ሆኗታል፣ ፊቷ ከብዷል። ዓይኗ ግን ያው ነው።

«አወቁኝ እትዬ?»

«አወቅሁሽ» አልኳት። ደስ ብሎኝ ነበር፤ የድሮ ተማሪዬን ያገኘሁ ነው የመሰለኝ። ሞኝነቴን ተመልከቱ።

ሰኞ ዕለት በድሮው ላይብረሪዬ ተገናኘን። እሷ አሁን ቀየት ከተማ ባለ ትምህርት ቤት የላይብረሪ ሠራተኛ ናት፤ የቢሮ ሠራተኛ ተርፎ ሲደለደል ወረዳው መደባት እንጂ ወዳው አልገባችበትም። ሕፃኗን በጀርባዋ እንዳዘለች በሩ ላይ ቆመች። እኔ መጽሐፉን እያወጣሁ አቧራ እየጠረግሁ ጠረጴዛው ላይ እቆልላለሁ። አንዱን አንስቼ «ያዥልኝ» ብላት እጇን ወደ ኋላዋ ደበቀች።

«ምነው?»

«ግዝት አለበት።»

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

«እትዬ ጽጌ፣ ያኔ ካነበቡልኝ ወዲህ እኔ ቤተ ክርስቲያን ገብቼ አላውቅም።»

መጽሐፉን አስቀመጥኩ። በእኛ ዘንድ ከውጭ የሚያስቀድስ ሰው ብዙ ነው፤ ቅጽሩ ውስጥ፣ ከዛፉ ሥር፣ ከግንቡ ጥግ። ስለዚህ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ማንም አልጠረጠራትም። ባሏ በቁርባን እንጋባ ብሎ ሲለምናት በሰማንያ ይበቃኛል አለችው፤ ኮራችብኝ ብሎ ተቀይሞ ነበር። የመጀመሪያ ልጇ በአርባ ቀኑ ክርስትና ሲነሣ አሞኛል ብላ ተኛች፤ ይዛው የገባችው እናቷ ናት።

«አሁን እናቴ የለችም» አለችኝ። «የዚች ሰማንያ ቀኗ የፊታችን ሳምንት አልፎ ባለው እሑድ ነው። እኔ ነኝ ይዣት የምገባው። ልግባ? አልግባ? ገዝተውኛልና እርስዎ ይንገሩኝ።»

«መጽሐፉ እኮ ተተክቷል ልጄ፤ ጽፌዋለሁ።»

«የተተካው ሌላ ነው። ያ ግን አልተመለሰም።»

«የት ሄደ?»

ሕፃኗን ከጀርባዋ አውርዳ አቀፈቻት። ከዚያ ነገረችኝ። መጽሐፉን ያዋሰችው ለጓደኛዋ ነው። ጓደኛዋ በዚያው ሳምንት ከደላላ ጋር ወደ ዓረብ አገር ጠፋች፤ ቤተሰብ እንዳይከታተላት ብላ እቴነሽን በመስቀል አስምላት ነበር። መጽሐፉ ከደብተሯ ጋር አብሮ ሄደ። «እሷ ጋ ነው ብዬ ብናገር መሐላ ማፍረስ ነው፤ ዝም ብል ግዝቱ አለ። ዝም አልኩ። ልጅ ነበርኩ እትዬ፤ የቱ እንደሚብስ የሚነግረኝ አልነበረም።»

ያኔ ስለ መጽሐፉ ጠየቅኋት፤ እሷ ግን በመሐላና በግዝት መካከል ቆማ ነበር። መሪጌታ ቢሆኑ ቤቷ ሄደው ውኃ ይጠጡ ነበር።

«ቀየት ላይስ መጽሐፍ አታውሺም?» ብዬ ጠየቅኋት።

«አላውስም። ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ አንድም መጽሐፍ ከበር አላለፈም። እዚያው ያንብቡ። ግዝት ባይኖርበትም እኔ የሰው ልጅ አላስርም።»

መምህራችን የሰጠን ቅጽ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ «የሚወገድበት ምክንያት» የሚል ዓምድ አለው። ያረጀ፣ የተቀደደ፣ ሥርዓተ ትምህርቱ የተለወጠ፣ የተደገመ ይላል። ግዝት ላለባቸው ለእነዚህ የትኛውን እንደምጽፍ አላውቅም። ቀዩን መስመር ሰርዤ ልተው እችላለሁ? የፋቀውም የተወገዘ ነው ይላል። መጽሐፉን ላስወጣው? አውጪውስ ከሰራቂው በምን ይለያል? ትምህርቱ አስወግጂ ይለኛል፣ በገዛ እጄ የጻፍኩት አትንኪ ይለኛል። ሁለታችንም ሕፃኗ እስክታለቅስ ድረስ አፍጥጠን ተቀመጥን።

ከዚያ «ተነሺ» አልኳት። ወደ ንስሐ አባቴ ወደ ቄስ ተሰማ ሄድን። እሳቸው ከማሳቸው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። መስቀል ተሳልመን ነገሩን ከመጀመሪያው ነገርኳቸው።

«ማነው የገዘታት?»

«እኔ ነኝ አባቴ።»

«አንቺ ክህነት አለሽ?»

«ኧረ እኔን!»

«መሪጌታ ዘለቀስ ቅስና ነበራቸው?»

«አልነበራቸውም።»

«ለመሆኑ መጽሐፉ ምንድን ነው? ገድል ነው? ተአምር ነው?»

«ባዮሎጂ ነው።»

ቄስ ተሰማ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። «ባዮሎጂን! በጴጥሮስ ወጳውሎስ ሥልጣን! ምን በደሉሽ ጽጌ፣ ሐዋርያቱን ትምህርት ቤት ዘበኛ አድርገሽ የቀጠርሻቸው?»

እኔም ልስቅ ምንም አልቀረኝም። እቴነሽ ግን፣ «አባቴ፣ ይሳቁ። እኔ ዐሥራ ስምንት ዓመት ነው ከውጭ ያስቀደስኩት» አለች።

ሳቃቸው ቆመ። ከዚያ፣ «ልጄ፣ ግዝት የሚያስረው ሥልጣን ያለው ሲያስር ነው። አንቺ አልታሰርሽም። ያን ሁሉ ዘመን አልታሰርሽም» አሏት።

የምሥራች መስሎኝ ፊቷን አየሁ። ፊቷ ተለወጠ። ቀስ ብላ፣ «ካልታሰርኩ ማን ይፈታኛል?» አለች።

እቴነሽ ቀጠለች።

«ከታሰርኩ ይፈቱኛል፣ እገባለሁ፣ አለቀ። ካልታሰርኩ ግን፣ ያ ሁሉ እሑድ የት ሄደ? እናቴ ስትሞት ፍትሐቷን ከውጭ ነው የሰማሁት። ባሌን ያስቀየምኩት ለምንድን ነው? እባክዎ አባቴ፣ ታስረሻል ይበሉኝ።»

እኔ መሬት ላይ ተንበርክኬ እግሯን ያዝኩ፤ እሷም እኔን ለማንሣት ስትጎነበስ ሕፃኗ በመካከላችን ተጣበቀች። «ተይ እትዬ፣ ልጄን ታፍኛታለሽ» አለችኝ፤ አንቺ ብላ የጠራችኝ ያን ጊዜ ነው።

ቄስ ተሰማ ተነሡ። «ሁለታችሁም ስሙኝ። ሰባት ሰባት ቀን፣ አርባ አንድ አርባ አንድ ስግደት ትሰግዳላችሁ። አንቺ አራሷ ግን ጉልበትሽ እስኪጠና በጸሎት።»

«እሷ ምን አድርጋ?» አልኩ እኔ።

«አንቺ ያልተሰጠሽን ስለጻፍሽና ስላነበብሽ። እሷ ይህን ሁሉ ዘመን ካህን ሳትጠይቅ ስለኖረች።»

ፍርድ ነው? አይደለም? እስከ ዛሬ አልቆረጠልኝም። ከዚያ መስቀላቸውን በእቴነሽ ራስ ላይ አድርገው «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሏት። ያልታሰረ ሰው እንዴት እንደሚፈታ አላውቅም። እሷ ግን አለቀሰች፤ እሳቸውም ረጅም ጸሎት ደገሙላት። ስለ መጽሐፎቹ ብጠይቃቸው፣ «መምህራችሁ እንዳላችሁ አድርጉ፤ ወረቀቱ የመንግሥት ነው» አሉኝ። ሃያውን መርጠን ምክንያቱ ላይ «የማይገባ ጽሑፍ ስላለበት» ብዬ ጻፍኩ። መምህሩ እንደዚህ ያለ ምክንያት በቅጹ ላይ የለም ብሎ በቀይ አሰመረበት፤ ግማሽ ነጥብ ተቀነሰብን።

ያ እሑድ ደረሰ። ገና ጎሕ ሲቀድ ውርጩ ሣሩን አንጥፎት ነበር። እቴነሽ ልጇን በነጠላ ጠቅልላ በሴቶች በር በኩል መጣች፤ ባሏ ከወንዶች ጋር ነው። የሕፃኗ ክርስትና እናት ከፊት ገባች። እቴነሽ የበሩ ደፍ ጋ ስትደርስ ጫማዋን አወለቀችና ቆመች። እኔ ከኋላዋ ነኝ። ጀርባዋን አያለሁ። ልግፋት? ልያዛት? «ግቢ» ልበላት? አንድ ጊዜ ብዙ ተናግሬ ነው ለዚህ ያበቃኋት፤ አሁን አፌን ለመክፈት ፈራሁ። ዝም ብዬ መቆሜም ደግሞ ትክክል አልመሰለኝም።

ከኋላችን አንዲት ባልቴት፣ «ምን ገጠመሽ ልጄ፣ በር ዘግተሽብን! ሕፃኗን ብርድ ገደላት እኮ!» አሉ።

«ይቅርታ እማማ» አለች እቴነሽ። እግሯን አነሣችና ገባች።

ልጅቷ ተጠመቀች፣ ስሟ ወጣ፣ ቅዳሴው ሲደርስ ቆረበች። ቄስ ተሰማ «አንቺስ አትቆርቢም?» በሚል ዓይን እናቲቱን ቀና ብለው አዩ። እቴነሽ ራሷን ነቅንቃ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች። እኔ ደነገጥኩ፤ እንደገና ታሰረች ብዬ ነው። ቅዳሴው አልቆ ሰው ሲበተን ጠጋ ብዬ፣ «ምነው ልጄ፣ ለምን ቀረሽ?» አልኳት።

«ዛሬ እሷ ትቅደም» አለችኝ። ዓይኗ ከእኔ አልፎ ጣራውን፣ ግድግዳውን፣ ሥዕሉን ይዞራል። «እኔ መጀመሪያ ውስጡን ልልመደው እትዬ። ልጅ ሆኜ ነው እኮ የማውቀው።» ከዚያ በጣቷ ወደ መቅደሱ አመለከተች። «መጋረጃው ድሮም ቀይ ነበር? እኔ ሰማያዊ ይመስለኛል።»

ሃያ ስምንት ዓመት በየእሑዱ ከፊቱ ቆሜያለሁ። አየሁት። አሰብኩ።

«እንጃ ልጄ» አልኳት። «አላስተዋልኩም።»